ካኑላ የገባበት ቦታ ኢንፌክሽን መጀመሩን በቆዳ ሙቀት እንዴት ቀድሞ መለየት ይቻላል

ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የገባበት ቦታ ሲቆጣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያማል፣ ይሞቃል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ራሱን የሳተ በሽተኛም አመመኝ አይልም። ሙቀቱ ግን ይለካል። በእጅ ጀርባ መዳሰስ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ለቀጣዩ ተረኛ ነርስ የሚተላለፍ ቁጥር አይተውም።

ውድ የሙቀት ካሜራ አያስፈልግም። በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይበቃል፤ መጀመሪያ ግን አለካኩን ማስተካከል ግድ ነው። አብዛኞቹ አንዱ ለሰውነት፣ ሌላው ለዕቃ ገጽ የሆኑ ሁለት ስልቶች አሏቸው። በሰውነት ስልት ላይ ከሆነ ከቆዳው ያነበበውን እንዳለ አያሳይም፤ አስልቶ ወደ ውስጥ ሙቀት ይቀይረዋል። የክንድ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ስለሆነ ጤነኛ የሚመስል 36 ሊያወጣ ይችላል፤ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ልዩነትም ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ገጽ ስልት ይቀየር። ግድግዳ ላይ ሲደገን የክፍሉን ሙቀት የሚያህል ቁጥር ካሳየ ተስተካክሏል።

ሁለቱም ክንዶች ከብርድ ልብስና ከእጅጌ ወጥተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆዩ። በሽተኛው የተኛበት ክንድ፣ የደም ግፊት ገና የተለካበት ወይም አልኮል ያልደረቀበት ቆዳ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የሚለካበትን ቦታ መምረጥ ነው። ግልጽ በሆነው ፕላስተር ላይ ሲለካ የሚነበበው የፕላስተሩ ሙቀት እንጂ የቆዳው አይደለም፤ ጎዝ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ለመለካት ብሎ ፕላስተሩን መግለጥ ጀርም መጋበዝ ነው፤ በፍጹም አይደረግ። ከፕላስተሩ ጠርዝ አልፎ፣ ደም ሥሩን ተከትሎ ወደ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ነጥብ ይያዝና በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት። በሌላው ክንድም ልክ ትይዩው ቦታ ይለካ። መሣሪያው ቀጥ ብሎ፣ መመሪያው በሚያዘው ርቀት ይያዝ፤ በየነጥቡ ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል።

ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ እየሄደ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። በክፍል ሙቀት ያለ ፈሳሽ ደም ሥሩን ስለሚያቀዘቅዝ የተቆጣ ቦታ ደህና ሊመስል ይችላል። ከተቻለ አዲስ ከረጢት ከመሰቀሉ በፊት ይለካ፤ ካልተቻለ «ፈሳሽ እየሄደ» ተብሎ ይጻፍ። ቦታው አብጦ ከቀዘቀዘ ግን ፈሳሹ ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይዘጋ።

አንድ ንባብ ብቻውን ትርጉም የለውም። በስኳር ሕመምተኞች እግር ላይ 2.2 ዲግሪ ልዩነት የታወቀ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለካኑላ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ወሰን የለም። ስለዚህ ካኑላው በገባበት ቀን የሁለቱ ክንዶች ልዩነት ይመዝገብ፤ መነሻው እሱ ነው። ቀኙ 32.4፣ ግራው 32.1 ቢሆን መነሻው 0.3 ነው። በማግሥቱ ልዩነቱ 1.6 ከደረሰና ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲደገም ካልወረደ፣ ቁጥሩ እስኪጨምር መጠበቅ ስህተት ነው፤ ቦታው ይታይ፣ ደም ሥሩም እንደ ገመድ ጠጥሮ እንደሆነ ይዳሰስ። ሙቀቱ ከኢንፌክሽን ሌላ ደም ሥር ከሚያቃጥል መድኃኒት፣ ለምሳሌ ከቫንኮማይሲን ወይም ከፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሊመጣ ይችላል። ለውሳኔው ግን ለውጥ የለውም፦ የተቆጣ ካኑላ ይወጣል፣ አዲሱ በሌላው ክንድ ይገባል። መግል ካለ ሐኪም ይጠራ።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ቦታ ሴንትራል ላይን (ልብ አጠገብ እስካለ ትልቅ ደም ሥር የሚደርስ ረጅም ቱቦ) ነው። ጀርሙ ብዙ ጊዜ ከቱቦው መጋጠሚያ ገብቶ በውስጥ በኩል ስለሚሄድ ላይኛው ቆዳ ምንም ላይል ይችላል። በኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴላቸው የወረደ በሽተኞችም ቆዳቸው እምብዛም አይቆጣም። በእነዚህ በሽተኞች ላይ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቱቦው በታጠበ ጊዜ ብርድ ብርድ ካላቸው፣ የቆዳው ንባብ ደህና ቢሆንም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከቱቦውና ከሌላ ደም ሥር በአንድ ጊዜ ደም ተወስዶ ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለመለየት ለሚደረግ ምርመራ) ይላክ።