ቦይለሩ እየሠራ ራዲያተሩ ለምን ይቀዘቅዛል?

በብሪታንያ ቤቶች የተለመደው የማሞቂያ አሠራር ውስብስብ አይደለም። በጋዝ የሚሠራው ቦይለር ውኃ ያሞቃል፤ ፓምፕ የሞቀውን ውኃ እየገፋ በየክፍሉ ወደተሰቀሉት ራዲያተሮች ይልካል፤ ሙቀቱን ጥሎ የመጣው ውኃም በሌላ ቧንቧ ወደ ቦይለሩ ተመልሶ እንደገና ይሞቃል። ስለዚህ ራዲያተር ቀዘቀዘ ማለት ወይ ውኃው አልሞቀም፣ ወይ የሞቀው ውኃ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል። ማሞቂያውን ከከፈቱ ከሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ በየክፍሉ ዞረው እያንዳንዱን ራዲያተር ከላይም ከታችም ይዳስሱ፤ ከሥሩ የሚገቡትን ሁለት ቧንቧዎችም አይርሱ፤ ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ ግን በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። ቅዝቃዜው የተቀመጠበት ቦታ ምክንያቱን ይነግርዎታል። ብዙ ሰው ይህን ዙር ሳያደርግ የአየር ማስወጫ ቁልፉን ይዞ ይነሣል፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ።

ሁሉም ራዲያተሮች ከቀዘቀዙ

አስቀድመው የወጥ ቤቱን የሙቅ ውኃ ቧንቧ ይክፈቱ። እሱም ካልሞቀ ጥፋቱ ከራዲያተሮቹ ሳይሆን ከቦይለሩ፣ ወይም ቦይለሩ ከሚፈልጋቸው ከመብራት፣ ከጋዝና ከውኃ ግፊት አንዱ ጎድሎ ነው። አስቀድሞ በሚከፈልበት ቆጣሪ የሚጠቀሙ ከሆነ ሂሳቡ አልቆ እንዳይሆን ይመልከቱ፤ ለዚህ ብቻ ሠራተኛ ጠርቶ የመጣበትን የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ውኃው ሞቆ ራዲያተሮቹ ብቻ ከቀዘቀዙ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት እየለካ ቦይለሩን ወደሚያዘው መቆጣጠሪያ፣ ወደ ቴርሞስታቱ፣ ይሂዱ። ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ የተሞላው ዲግሪ ከክፍሉ ሙቀት በታች ከሆነም ቦይለሩ የሚነሣበት ምክንያት የለውም። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ አሮጌ የሰዓት መቆጣጠሪያዎች ራሳቸውን ስለማያስተካክሉ፣ ማሞቂያው ይነሣል ባሉት ሰዓት ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የሚጠረጠረው ፓምፑ ወይም በኮምቢ ቦይለር (የቧንቧውንም የራዲያተሩንም ውኃ በአንድነት በሚያሞቀው) ውስጥ ሙቀቱን አንዴ ወደ ቧንቧ፣ አንዴ ወደ ራዲያተር የሚያዞረው ቫልቭ ነው፤ ሁለቱም የባለሙያ ሥራ ናቸው።

የውኃውን ግፊት ግን ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ። ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ መለኪያው ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት፤ ከ1 ባር ብዙ ከወረደ አብዛኞቹ ቦይለሮች አልነሣም ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ከቦይለሩ ሥር በብረት ክር የተጎነጎነ ተጣጣፊ ቱቦ አለ፤ በሁለት ጫፉ ያሉትን ቫልቮች ቀስ ብለው ሲከፍቱ ውኃ ሲገባ ይሰማል፣ መርፌውም ይነሣል። 1.3 ባር አካባቢ ሲደርስ ሁለቱንም አጥብቀው ይዝጉ። ሳይዘጉ ከረሱት ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ 3 ባር ሲደርስ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ውኃውን በውጭው ግድግዳ በኩል ይተፋዋል። በየሳምንቱ መሙላት ከጀመሩ ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈሳል ወይም ውኃው ሲሞቅ የሚያብጠውን የሚቀበለው የማስፋፊያ ታንክ አየሩን አጥቷል ማለት ነውና መሙላቱን እንደ መፍትሄ አይቁጠሩት፤ አዲስ ውኃ በገባ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን አብሮ ይገባል፣ ራዲያተሮቹም ከውስጥ ይዝጋሉ።

በረዶ በጣለበት ጠዋት ቦይለሩ እየተንቦቀቦቀ ከጠፋ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከቦይለሩ ወደ ውጭ የሚወጣው ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ጭሱ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረውን ውኃ የሚያፈስበት፣ በረዶ ሆኗል። ለብ ያለ ውኃ ያፍስሱበት፤ የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ የቦይለሩን የዳግም ማስነሻ ቁልፍ ይጫኑ።

ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ከሞቀ

ይህ አየር ነው። አየር ከውኃ ስለሚቀል ከራዲያተሩ አናት ላይ ይሰበሰባል፣ ውኃውም እዚያ አይደርስም። ማሞቂያውን አጥፍተው ራዲያተሮቹ እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ። ከራዲያተሩ አናት በአንዱ ጎን ባለችው ትንሽ አራት ማዕዘን ብሎን ላይ የአየር ማስወጫ ቁልፉን ገጥመው፣ ጨርቅ ይዘው፣ ከሥር ምንጣፉ ላይ ሳህን አድርገው፣ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር ብቻ ያዙሩ። አየሩ ፉጨት እያሰማ ይወጣል፤ ውኃ ሲከተል ወዲያው ይዝጉ። ግማሽ ዙር ብቻ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ፉጨቱ ቀጭን ሲሆንብኝ ጨምሬ ጨምሬ ስፈታ ብሎኗ ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች፤ ቀለም የመሰለ ጥቁር ውኃም በአከራዬ ነጣ ያለ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ያ እድፍ እስክንለቅ ድረስ አልወጣም።

ከታችኛው ፎቅ ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፤ ሲጨርሱም ግፊቱን ዳግመኛ ይዩ፣ አየር ሲወጣ መውረዱ አይቀርም። አንዱ ራዲያተር በየጥቂት ሳምንቱ አየር ከያዘ የሚወጣው ተራ አየር ላይሆን ይችላል። ብረት ሲዝግ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ በእሳት ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ አየር ሲያስወጡ ሲጋራም ሻማም አጠገብ አይኑር።

አንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ

ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ብቻ ከላይ እስከ ታች በረዶ ከሆነ፣ በተለይም ይህ የሆነው በጋ አልፎ ማሞቂያ በተከፈተበት ሳምንት ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበትን ቫልቭ ነው። በጭንቅላቱ ውስጥ ሲሞቅ የሚያብጥ ሰም ወይም ፈሳሽ አለ፤ ሲያብጥ ከሥሩ ያለችውን ቀጭን የብረት ዘንግ ወደ ታች ገፍቶ ውኃውን ይዘጋል፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ይለቃታል። ወራት ሙሉ ተጭና የከረመች ዘንግ እዚያው ትነክሳለች። ቁጥሩን 5 ላይ አድርገው ጭንቅላቱን የያዘውን ቀለበት በእጅ፣ እምቢ ካለ በፒንሳ፣ ይፍቱና ያንሱት፤ ውኃ አይፈስም። ዘንጓን በካቻቢቴ እጀታ ጠፍጣፋ ወገን ቀስ አድርገው ወደ ታች ሲጫኗት ገብታ ተመልሳ መውጣት አለባት። ካልተመለሰች የቫልቩን ጎን በቀስታ መታ መታ እያደረጉ ይሞክሩ፤ ይዘው መንቀል ግን አይገባም፣ ከተነቀለች ቤቱ በውኃ ይሞላል። ዘንጓ ስትላቀቅ ቧንቧው በደቂቃዎች ውስጥ መሞቅ ይጀምራል። በሚቀጥለው በጋ ቫልቮቹን ሁሉ 5 ላይ ትቶ መክረም ነው።

ዘንጓ ደህና ከሆነች በራዲያተሩ ሌላ ጎን በፕላስቲክ ቆብ የተሸፈነውን ቫልቭ ይመልከቱ፤ ቀለም ቀቢ ራዲያተሩን ሊያወርድ ዘግቶት ሳይከፍት ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ታቹ ቀዝቅዞ ላዩ ከሞቀ

የጠላ ጋን ሲጠነፈፍ ከሥሩ የሚቀረውን አተላ ያስቡ። የራዲያተር ብረት በዝገት እየተበላ የሚፈጠረው ጥቁር ደቃቅ ዱቄት ከውኃው ይከብዳልና ከራዲያተሩ ሥር፣ በተለይ መሐሉ ላይ፣ ይዘቅጣል። አየር ማስወጣት እዚህ ምንም አይፈይድም። አንድ ራዲያተር ብቻ ከሆነ ሁለቱን ቫልቮች ዘግቶ፣ አውርዶ፣ ግቢ ውስጥ በጎማ ማጠብ ይቻላል፤ ውኃ የሞላ ራዲያተር ግን ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ብዙዎቹ ከሆኑ ሙሉው መስመር በማሽን ይታጠባል፣ ከዚያም ዝገት የሚከላከል ኬሚካል ይጨመራል፣ ወደ ቦይለሩ በሚመለሰው ቧንቧ ላይም ማግኔት ያለው ማጣሪያ ይገጠማል። ማግኔቱ የሚጠቅመው ዱቄቱ የብረት ኦክሳይድ ስለሆነ ነው።

ከቦይለሩ የራቁት ብቻ ለብ ካሉ

ውኃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ የቅርቦቹ ጠግበው የሩቆቹ ይራባሉ። ባለ ቆቡን ቫልቭ በቅርብ ባሉት ራዲያተሮች ላይ በጥቂቱ አጥብበው በሩቆቹ ላይ ይተዉት፤ በየሙከራው መካከል ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ቀኑን ይፈጃል።

የቦይለሩን ሽፋን ፈትቶ ውስጡን መነካካት ግን በሕግ የሚፈቀደው በጋዝ ሴፍ ሬጅስተር፣ ማለትም በጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ፣ ለተመዘገበ ሠራተኛ ነው፤ የመታወቂያ ካርዱን አገላብጠው ይዩ፣ የተፈቀደለት የሥራ ዓይነት ከጀርባው ተጽፏል። ተከራይ ከሆኑ በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ በእንግሊዝ የማሞቂያውን ጥገና በአከራዩ ላይ ይጥላል፤ የግፊት መለኪያውን ፎቶ አንሥተው፣ የትኛው ራዲያተር የቱ ጋ እንደቀዘቀዘ ጽፈው ይላኩለት። እስኪጠገን ድረስ ለቡና የምናነደውን ከሰል ለሙቀት ብለው በዝግ ክፍል አያስገቡ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያስነሣ ይገድላል።