የጌም ማጫወቻ ከመግዛት በፊት የኢሙሌተር አቅሙን እንዴት ማወዳደር ይቻላል

ደሴ ፒያሳ ሞባይል ቤት የተሰቀለውም ሆነ ከዱባይ በሰው እጅ የመጣው የጌም ማጫወቻ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የኮር (የቺፑ የሥራ ክፍል) ብዛትና የጌም ብዛት ነው። ሁለቱም ስለ ጉልበቱ ብዙም አይናገሩም። ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ጌም ማሽንን አስመስሎ ጌሙን የሚያጫውተው ፕሮግራም፣ የድሮውን ማሽን ሥራ የሚጭነው በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ኮር ላይ ስለሆነ፣ ስድስት ደካማ ኮር ቢጨመርበት ለውጡ ትንሽ ነው።

መጀመሪያ የቺፑን ስም እወቁ። አንድሮይድ ከሆነ ሲፒዩ-ዜድ የሚባለው ነጻ አፕ ያሳያል፤ ሊኑክስ ከሆነ በሞዴሉ ስም ፈልጉ። አንበርኒክ አርጂ35ኤክስኤክስ ኤች ውስጥ ያለው ኦልዊነር ኤች700 ኮርቴክስ ኤ53 የሚባል አራት ኮር አለው፤ ፕሌይስቴሽን 1ን በደንብ ይችላል፣ ከባድ የፒኤስፒ (የሶኒ የድሮ የእጅ ጌም ማጫወቻ) ጌም ላይ ግን ይንገዳገዳል። ዩኒሶክ ቲ618 ሁለት ኤ75 እና ስድስት ኤ55 ኮር ይዟል፤ አብዛኛውን ፒኤስፒ ያጫውታል፣ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ግን ጌም ይመርጣል። ለፕሌይስቴሽን 2 ከሆነ ሬትሮይድ ፖኬት 5 ላይ እንዳለው ስናፕድራገን 865 ዓይነት ቺፕ ያስፈልጋል። ጊጋኸርዝ (የኮሩ የምት ፍጥነት) ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ቲ618 ላይ ሁለቱም ዓይነት ኮሮች 2 ጊጋኸርዝ ናቸው፣ ኤ75ቱ ግን በጣም ይፈጥናል።

ከዚያ የምታወዳድሯቸው ሁለት ማጫወቻዎች ላይ አንድ ዓይነት ኢሙሌተር፣ አንድ ዓይነት ቨርዥን፣ አንድ ዓይነት ሬዞሉሽን ይሁን። ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ተከታትሎ የሚታየው እያንዳንዱ ምስል) የሚያዘልለው ፍሬም ስኪፕ ይጥፋ፤ እሱ ከበራ ደካማው ማሽን ፍሬም እየዘለለ ጎበዝ ይመስላል።

ዋናው ሥራ ትርፍ ጉልበቱን መለካት ነው። ጌሙ በሰከንድ በ60 ፍሬም መሄዱ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱም 60 ላይ ቆመው አንዱ ሊያልቅበት ጥቂት ቀርቶት ሊሆን ይችላል። ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ፍንዳታ ሲበዛ ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ ድምፁ ይቆራረጣል። ስለዚህ ገደቡን አንሱት። ሬትሮአርች የሚባለው የኢሙሌተር ፕሮግራም ላይ ፍሬም ትሮትል ውስጥ ገብታችሁ ፋስት ፎርዋርድ ሬትን 0 አድርጉ፣ የፍሬም ቁጥሩ ስክሪን ላይ እንዲታይ አብሩ፣ ከዚያ ፋስት ፎርዋርድ ተጫኑ። 60 የነበረው 240 ከደረሰ አራት እጥፍ አቅም አለው ማለት ነው። 70 ላይ ከቆመ ተዉት፤ ከ90 በታች የሚደርስን ማሽን ለዚያ ጌም ባትገዙት ይሻላል። ፒፒኤስኤስፒፒ (የፒኤስፒ ኢሙሌተር) ላይ የምታዩት የፍጥነቱን በመቶኛ ይሁን፣ ምክንያቱም ብዙ የፒኤስፒ ጌሞች ከድሮም በ30 ፍሬም ነው የሚሄዱት። መለኪያው ከባድ ቦታ ላይ ይሁን፤ የፒኤስፒው ጎድ ኦፍ ዋር ለዚህ ጥሩ ነው። ሜኑ ላይ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንዲቆሙ ጌሙ ውስጥ ሴቭ አድርጋችሁ ፋይሉን በሚሞሪ ካርድ ውሰዱት። ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ አስኪዱና ሁለተኛውን መዝግቡ፤ የመጀመሪያው ላይ ሼደር (ምስሉን የሚስሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ስለሚያዘጋጅ ይንተባተባል።

ሙቀቱ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ቺፑ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በተለይ ፋን የሌለው። በ5ኛው ደቂቃ ለኩ፣ ሳታጠፉ በ30ኛው ድገሙት። ከቻርጀር ይነቀል፤ ቻርጅ ራሱ ያሞቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የምታገኟት ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አንዱን ደሴ ማታ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ለክቶ ማወዳደር ሁለተኛውን መበደል ነው። ኮምቦልቻ የምትጫወቱ ከሆነ እዚያው በቀን ለኩት።

ባለሱቁ 30 ደቂቃ የማይፈቅድ ከሆነ ፋስት ፎርዋርዱን ብቻ ሞክሩ፣ ባትሪውም ከ20 በመቶ በላይ ይሁን፤ ከዚያ ሲወርድ አንዳንዱ ኃይል ቁጠባ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ያበላሸዋል።