ጅግሮች አንዷን ለይተው ሲያሳድዱ፦ ችግርና መፍትሄ

ክረምት ሲገባ ወንዶቹ ክንፋቸውን ወደ ላይ አንሥተው በግቢው ዙሪያ ይሯሯጣሉ። የእርባታ ወቅት ጠባያቸው ነው። ተባራሪው ማምለጫ ካለው፣ ደም ካልታየና ማታ ሁሉም ቆጥ ላይ ከወጡ አትንኳቸው። አንዷ መመገቢያው ጋ በደረሰች ቁጥር የምትባረር ከሆነ፣ መሬት ላይ ካደረች፣ ወይም ማጅራቷ ላይ ላባ ከተነቀለ ግን የዚያኑ ቀን እርምጃ ውሰዱ።

ምልክት፦ ማጅራቷ ቆስሎ ጥግ ተወሽቃለች

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የወንድ መብዛት ነው። ወንድና ሴት ጅግራ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሻጩ “ሴት ናት” ያላት ወንድ ሆና ትገኛለች። በድምፅ ለዩ፦ ሴቷ ሁለት ክፍል ያለው ጥሪ ደጋግማ ታሰማለች፤ ወንዱ ይህን አያወጣም። ስትደነግጥ ግን እሷም እንደ ወንዱ አንድ ዓይነት ጩኸት ስለምትጮህ፣ የምታዳምጡት ተረጋግተው ሲለቅሙ ይሁን። በአገጭ ሥር የተንጠለጠለው ሥጋ የወንዱ ተለቅ ይላል፤ በእሱ ብቻ ግን አትፍረዱ። በታጠረ ግቢ ለአራት ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ትርፉን ሽጡት ወይም እረዱት።

ቁስሉን የሚያባብሰው ግን የባለቤቱ ርኅራኄ ነው። የተጎዳችውን ወስዶ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያስታምማታል፤ ስትድን መንጋው መሃል ይለቃታል። ጅግራ ከዓይኑ የጠፋን እንደ ባዕድ ነው የሚቀበለው። ያገገመው ቆዳ በአንድ ጠዋት ይገሸለጣል፤ ሁለተኛው ቁስል ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ዓይን የሚጠፋውም ያኔ ነው። ስለዚህ ተበዳይዋ መንጋው እያያት ትታከም፤ ከዓይን የሚሰወረው በዳዩ ይሁን።

እዚያው ቤታቸው ውስጥ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሚሆን ቦታ በዶሮ ሽቦ ከልሉ። የታችኛውን 30 ሴንቲ ሜትር በሳንቃ ሸፍኑት፤ አለበለዚያ በሽቦው ቀዳዳ ምንቃራቸውን አስገብተው ይነቁሯታል። የራሷን ውሃና መኖ ስጧት፤ ከማይነቁሯት አንዷን አብራችሁ አስገቡላት፤ ብቻዋን ከሆነች መብላት ታቆማለች። ቁስሉ ቆዳ እስኪያበጅ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ትቆይ። በዳዩን ደግሞ ድምፁም መልኩም ወደማይደርስበት፣ ቢቻል ጎረቤት ግቢ፣ ውሰዱት። መጀመሪያ እሷ ትለቀቅ፤ እሱ የሚመለሰው ከቀናት በኋላ ነው። ያኔ አዲስ ገቢው እሱ ይሆናል፤ ጉልበቱም ይበርዳል።

ለቁስሉ፦ አንድ ሊትር ውሃ አፍሉ፤ ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ ለብ ሲል እጠቡ። ዙሪያውን ያለውን ላባ በመቀስ ቁረጡ፤ አትንቀሉ። ካደረቃችሁ በኋላ ጄንሺያን ቫዮሌት የተባለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ቀቡ፤ ማድረቁ ብቻ ሳይሆን ቀዩን መሸፈኑ ይጠቅማል፤ ቀይ ያየ ጅግራ መንቆሩን አያቆምምና። ዓይን አጠገብ ግን አይቀባ። የቡና ዱቄት፣ በርበሬ፣ ናፍጣ አታድርጉ! ቡናው ቅርፊት ሠርቶ መግሉን ከሥሩ ይደብቃል፤ ናፍጣው ሥጋውን ያቃጥላል። በክረምት ጠዋትና ማታ ላባውን ገልጣችሁ እዩ፤ ዝንብ ከጣለበት በአንድ ቀን ትል ይወጣል። ትል ከታየ፣ አጥንት ከታየ ወይም ቁስሉ ከሸተተ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ውሰዷት። አንቲባዮቲክ ከታዘዘላት ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን እስኪያልፍ እንቁላሏን አትብሉ።

ምልክት፦ መኖ ላይ ብቻ ይጣላሉ

መመገቢያ አንሷል። ሁለት አድርጉና አራርቁ፤ አንዱ ቆሞ ሁለቱን መጠበቅ አይችልም። ጥግ ላይ አታስቀምጡ። የግቢውን ጥግ በሳንቃ አግዳችሁ ዝጉት፤ ተሳዳጅ የሚያዘው እዚያ ነው።

ምልክት፦ ላባ እየነቀሉ ይበላሉ

ማሽላና በቆሎ ብቻ ስትሰጧቸው የሚመጣ ነው። የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉ፤ አረንጓዴ ቅጠል አንጠልጥሉ። ላባ ሥር ቅማልም ፈልጉ።

ምልክት፦ ጫጩቶች የእግር ጣት ይነካከሳሉ

ሙቀት በዝቷል፣ መብራቱ ደምቋል ወይም ተጣበዋል። አምፖሉን ከፍ አድርጉ፤ ቦታ አስፉ።

ምልክት፦ ወንዱ ጅግራ አውራ ዶሮውን እየተከተለ ጅራቱን ይነጫል

በክረምት ለዩዋቸው። ሌላ መላ የለውም።

ምልክት፦ ጠብ ሳይኖር አንዷ ታነክሳለች

ሳይሆን አይቀርም በእግሯ ይዛችኋታል። የጅግራ እግር ከዶሮ እግር ይልቅ ቶሎ ይወልቃል። ማታ ከቆጡ ላይ፣ ክንፎቿን ከአካሏ ጋር በሁለት እጅ አቅፋችሁ አንሷት። ልጆች በቀን እያባረሩ እንዳይዙ ከልክሉ። የተጎዳችው ዝቅተኛ ቦታ፣ ወፍራም ጭድ ላይ ትዋል፤ በሦስተኛው ቀን እግሯን ካልረገጠች ሐኪም ይያት።