ስለ ሀብታምና ደሃ ልዩነት ቁጥር ስትሰሙ እንዴት ትፈትሹታላችሁ

ድሬ ከሰዓት ሙቀቱ ሲያይል በርጫ ላይ ተቀምጦ "ሀብታሙ እየከበረ ደሃው እየደኸየ ነው" የማይል የለም፣ አጠገቡ ያለው ደሞ "አቦ ተወኝ፣ ድሮ ማን ባጃጅ ነበረው" ይለዋል፣ ከዛ እስከ ማታ ነው። ሁለቱም ግን የሚደግፋቸው ቁጥር አለ። በመንግስት ጥናት ከ1988 እስከ 2008 ዓ.ም. ከድህነት ወለል በታች ያለው ህዝብ ከ45.5 ፐርሰንት ወደ 23.5 ወርዷል፣ በዛው ጊዜ ጂኒ የሚባለው መለኪያ (0 ሲሆን ሁሉም እኩል፣ 1 ሲሆን ሁሉም ነገር አንድ ሰው እጅ) ከ0.29 ወደ 0.33 ገደማ ወጥቷል። ድህነት ቀነሰ፣ ልዩነት ሰፋ፣ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው ስለ የትኛው እያወራ እንደሆነ ጠይቁት።

ቀጥሎ ምን እንደተለካ ጠይቁ። ገቢ፣ ወጪና ሀብት ሶስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድሬ ከዚራ ሰፈር የራሱ ግቢ ያለው የባቡር ጡረተኛ በገቢ ስትለኩት ታች ነው፣ በሀብት ስትለኩት ላይ፤ ሳቢያን ሰፈር ተከራይቶ ደህና ደሞዝ የሚያገኝ ልጅ ደሞ የሱ ግልባጭ ነው። በአገርም እንደዛው ነው፣ ስዊድን በገቢ ከዓለም እኩል ከሚባሉት ውስጥ ናት፣ ሀብት ላይ ስትመጡ ግን ልዩነቷ በጣም ሰፊ ነው። የኛ 0.33 የተሰላው ከቤተሰብ ወጪ ነው፣ የአሜሪካ 0.41 ገደማ ደሞ ከገቢ። ሰው ሲያጣ ይበደራል ሲያገኝ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ወጪ ሁሌም ማለት ይቻላል ከገቢ ያነሰ ልዩነት ነው የሚያሳየው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ከአሜሪካ ይልቅ እኛ እኩል ነን" የሚል ፖስት ካያችሁ እዛው ላይ አቁሙት።

ዳታው ከየት መጣ የሚለውም ትልቅ ነው። ቤት ለቤት የሚደረግ መጠይቅ ደሃውንና መካከለኛውን ደህና አድርጎ ይይዛል፣ ትልልቆቹን ግን ያመልጡታል፣ ወይ አይገኙም ወይ ሙሉውን አይናገሩም። ለዚህ ነው ኢኮኖሚስቶቹ ቶማ ፒኬቲና ኢማኑኤል ሳኤዝ የታክስ ፋይል ውስጥ የገቡት። እኛ ጋር ይሄ መንገድ በጣም ይከብዳል፣ የመንግስት ሰራተኛው ታክስ ደሞዙ ሳይደርሰው ይቆረጣል፣ ትንሹ ነጋዴ ቁርጥ ግብር ነው የሚከፍለው፣ ከጅቡቲ የሚገባው ኮንትሮባንድ፣ የጫቱ ገንዘብ፣ ከውጭ በሰው እጅ የሚላከው ዶላር ምናምን ፋይል ላይ የለም። ስለኛ አገር "ላይኛው 1 ፐርሰንት ይሄን ያህል ይዟል" የሚል ቁጥር ስታዩ ብዙው ግምት እንደሆነ አውቃችሁ ተቀበሉት።

አሁን ዋናው ጸብ። ፒኬቲ፣ ሳኤዝና ዙክማን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ የላይኛው 1 ፐርሰንት ከአገሪቱ ገቢ ከታክስ በፊት ያለው ድርሻ ከ1980 አካባቢ ጀምሮ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ወደ 20 ፐርሰንት ደርሷል። ኦተንና ስፕሊንተር የሚባሉ ሁለት የመንግስት ኢኮኖሚስቶች በ2024 ያሳተሙት ደሞ ከታክስ በኋላ ስታዩት ከ1960ዎቹ ወዲህ ብዙም አልተነቃነቀም ይላል። ሁለቱም መነሻቸው ያው የታክስ ፋይል ነው! አንዱ ከታክስ በፊት ሌላው ከታክስ በኋላ መሆኑ የተወሰነ ያራርቃቸዋል፣ በብዛት ግን ልዩነቱ የመጣው ፋይሉ ላይ የሌለውን እንዴት እንደሞሉት ነው። ያልታወጀውን ገቢ ለማን ሰጡት? ለሀብታሙ ካደላችሁ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ለሁሉም ከበተናችሁት ይጠባል። በ1986 የታክስ ህጉ ሲቀየር ብዙ ባለ ካምፓኒ ትርፉን በግል ስሙ ማሳወቅ ጀመረ፣ ያ ገቢ አዲስ ነው ወይስ ድሮም የነበረ? የሚያገባ ሰው ሲቀንስስ በቤተሰብ ነው የሚቆጠረው በነፍስ ወከፍ? መንግስት ለህክምናና ለትምህርት የሚያወጣው የማን ገቢ ይባላል? እያንዳንዱ መልስ ቁጥሩን ይነቀንቀዋል። እኔ ሳየው ልዩነቱ መስፋቱ ራሱ ብዙ አያከራክርም፣ ምክንያቱም የደሞዝ ልዩነትም እዛ አገር ከ1980 ወዲህ ሰፍቷል፣ ምን ያህል የሚለው ላይ ነው ልባችሁን ክፍት ማድረግ ያለባችሁ። "እነ ፒኬቲ ዋሹ" ወይ "እነ ኦተን ለሀብታም ተገዙ" የሚል ሰው ግን አላነበበም።

ምክንያቱን ሲነግሯችሁም ፈትሹ። ፒኬቲ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው መጽሐፉ የካፒታል ትርፍ ከኢኮኖሚው እድገት ከበለጠ ሀብት እየተከማቸ ይሄዳል አለ። ማቲው ሮንሊ የሚባል በዛን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥሩን ነጣጥሎ አየውና የካፒታል ድርሻ (ከአገር ገቢ ለባለንብረት የሚሄደው) ጭማሪ በአብዛኛው የቤት ዋጋ ነው ብሎ አሳየ። ይሄ ለኛ በጣም ይጠቅመናል ምክንያቱም እኛ ጋር መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግስት ነው፣ ሽያጩ በወረቀት ቤቱ ነው ይባላል እንጂ ገንዘቡ የሚከፈለው ለቦታው ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ በትንሽ ኪራይ የሚኖር ቤተሰብስ? ሀብት ተብሎ የትም አልተመዘገበም፣ ግን ገበያ ላይ ተከራይቶ ከሚኖረው ጎረቤቱ ጋር ያለው ልዩነት በየወሩ ኪስ ውስጥ ይታያል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደሞ ቤት ወይ ዶላር የያዘና በደሞዝ የሚኖር ሰው እንዴት እንደተራራቁ የማያውቅ የለም፣ በየስንት ዓመቱ የሚደረግ የወጪ ጥናት ግን ይሄን ቶሎ አይነግራችሁም።

"መጀመሪያ እንደግ፣ እኩልነቱ በኋላ ይመጣል" የሚላችሁ ካለ ሀሳቡ የኢኮኖሚስቱ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1955። ኩዝኔትስ ግን እዛው ጽሑፉ ላይ 5 ፐርሰንቱ መረጃ 95 ፐርሰንቱ ግምት ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል፣ ይሄን ጨምራችሁ ንገሩት።

በራሳችሁ እጅ መሞከር ከፈለጋችሁ ደሞ ቀላል ነው። በደንብ የምታውቋቸውን የሰፈር ቤቶች ስም ሳትጽፉ በወር ገቢ ከላይ ወደ ታች ደርድሩ፣ ከዛ በወር ወጪ፣ ከዛ ቤት፣ ወርቅ፣ መኪና፣ እቁብ፣ ከብት ያላቸውን ገምታችሁ በሀብት። ሶስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉና ቦታው በጣም የተቀያየረውን ቤት ፈልጉ፣ ለምን እንደተቀያየረም ጻፉ፤ ጡረታ ነው፣ ውጭ ያለ ልጅ ነው፣ የቀበሌ ቤት ነው ወይስ እዳ።