በዛፖቴክ ቅጂ ላይ የሚጠፋው የቃና መስመር እንዴት ተስተካከለ

በሜክሲኮ ኦሃካ ግዛት፣ በትላኮሉላ ሸለቆ የሚነገረውን የዛፖቴክ ቋንቋ ቀርጸን በፕራት፣ ማለትም በንግግር ድምፅ መመርመሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ስንመረምር፣ የድምፁን ከፍታ የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር በአንዳንድ አናባቢዎች ላይ ድንገት ይጠፋ ወይም ይዘል ነበር። በዛፖቴክ ቃና፣ ማለትም የድምፁ ከፍታና ዝቅታ፣ የቃላትን ትርጉም ይለያል፤ በተቆራረጠ መስመር መዝገበ ቃላት አይሠራም።

ማይክሮፎኑ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር። ቅጂው ግን በ48 ኪሎ ሄርዝ በዋቭ የድምፅ ፋይል የተቀረጸ፣ ጥርት ያለ ነው። ምክንያቱ የተገኘው የድምፁን ሞገድ አጉልተን ስናይ ነው። የሸለቆው ዛፖቴክ ከተራው አናባቢ ሌላ ትንፋሽ የበዛበትም፣ ጉሮሮ ተጨምቆ የሚወጣም አለው። በተጨመቀው ላይ የጉሮሮ ምቶቹ፣ ማለትም የድምፅ አውታሮቹ ንዝረቶች፣ ተራርቀው ይታያሉ፤ በሁለት ምቶች መካከል 20 ሚሊሰከንድ ካለ ከፍታው 50 ሄርዝ ነው። ፕሮግራሙ ከፍታውን የሚፈልግበት ዝቅተኛ ወሰን ደግሞ 75 ሄርዝ ላይ ነበር፤ ፕሮግራሙ ከዚያ በታች ያለውን አይፈልግም።

ወሰኑን ለሁሉም ወደ 40 ማውረድ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የመለኪያው መስኮት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚመለከተው የድምፅ ቁራጭ፣ ከ40 ወደ 75 ሚሊሰከንድ ይረዝምና ፈጣኑ የቃና ለውጥ ይደበዝዛል፤ ይህን ያህል ውድ ነገር ደግሞ ለምቾት ሲባል መጣል አይገባም። ስለዚህ ሙሉውን ቅጂ በ75 መርምሬ፣ የተጨመቁትን አናባቢዎች ብቻ ለይቼ በ40 ደገምኳቸው። መስመሩ በአብዛኞቹ ላይ ተመለሰ። ምቶቹ ወጥነት ባጡባቸው ቦታዎች ግን ርቀቱን በእጅ ለካሁ። ቃናውና የአናባቢው ዓይነት አሁን በየራሳቸው መደብ ተጽፈዋል፤ አንዱን ለማረም ሌላውን መንካት አያስፈልግም።