ከማረሚያ ቤት ለወጡ ልጆች የሰፈር ሙዚቃ ክፍል እንዴት ይጀመራል?

ሰፈራችሁ ውስጥ ከማረሚያ ቤት የወጡ ልጆች አሉ። ገና ያልገቡ፣ ግን መንገዱን የያዙም አሉ። እናንተ ደግሞ ክራር ትጫወታላችሁ፣ ወይም የሚጫወት ጓደኛ አላችሁ። ለመጀመር ረጂ ድርጅት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ አስተማሪ፣ አንድ ክፍልና የማይቀየር ሰዓት ይበቃል።

ከሦስቱ ከባዱ ሰዓቱ ነው። እነዚህ ልጆች ቃል ገብቶ የጠፋ ሰው ብዙ አይተዋል። ቅዳሜ 8 ሰዓት ካላችሁ፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ የሚመጣው አንድ ልጅ ብቻ ቢሆንም፣ 8 ሰዓት ላይ በሩ ክፍት ይሁን።

ለቦታው የወረዳውን ወጣት ማዕከል ጠይቁ። እኔ ግን የዕድር አዳራሽ ይሻላል ባይ ነኝ። የዕድሩ ሰዎች ልጆቹን ከነቤተሰባቸው ያውቃሉ፣ ነገ ልጁ ሥራ ሲፈልግም ዋስ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ብቻ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው፤ ሰፈሩ ከበሮውን ሰምቶ «ዱርዬዎቹ ተሰበሰቡ» ከማለቱ በፊት ማለቴ ነው።

በክራር ጀምሩ። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ናቸው፣ የተለመደው ክራር ስድስት ክር አለው፣ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱን ይደግማል። ስለዚህ ትዝታ በሚባለው ቅኝት ከተቃኘ ጀማሪው የትኛውንም ክር ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። ዕድሜውን ሙሉ «ተሳሳትክ» ሲባል ለኖረ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በግራ እጁ ጣቶች ክሮቹን አፍኖ በቀኙ ይግረፍ፤ ጣቱን ያነሳበት ክር ብቻ ይጮኻል። በመጀመሪያው ቀን አንድ አጭር ዜማ ይዞ ይሄዳል። ከበሮ ጨምሩ። ዋሽንት ርካሽ ነው፣ ግን በአፍ የሚነፋ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የራሱ ያስፈልገዋል። ማሲንቆን ለኋላ አቆዩት፤ ድምፁ እስኪስተካከል ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን ፎርም አታስሞሉ። «ለምን ታሰርክ?» ብሎ የሚጠይቅም አይኑር፣ አስተማሪውም ቢሆን። መናገር የፈለገ በራሱ ጊዜ ይናገራል።

እንዲናገሩ የሚረዳ አሠራር ደግሞ ከአዝማሪ ቤት መውሰድ ይቻላል። እዚያ አንዱ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ክፍላችሁ ውስጥም እንደዚያው አንዱ ሁለት ስንኝ ይስጥ፣ ክራር የያዘው ይቀበለው። መጀመሪያ ላይ መቀላለድ ይበዛል፣ መሰዳደብም ይኖራል፣ እሱን አትፍሩት። ከጊዜ በኋላ ስለ እናቱ፣ ስለ ሸቤ፣ አብሮት ታስሮ ስለቀረው ጓደኛው የሚሰጥ ይመጣል። ፊት ለፊት ሊናገረው የማይችለውን ነገር ሌላ ሰው በዜማ ሲመልስለት ይሰማል፣ ለመቀበል ደግሞ ሌላው ልጅ በደንብ ማዳመጥ ግዱ ነው። ራፕ እንፈልጋለን ካሉ ይሁን፤ ከስልክ ቢት ክፈቱና ክራሩ ከላይ ይግባ።

መሣሪያ ቤት ይወስዱ ወይ? ይውሰዱ። ካልተለማመዱ አይችሉም። ስም ጽፎ መፈረም ለሁሉም እኩል ይሁን፣ አስተማሪውንም ጨምሮ። የሚሸጥ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ በውድ መሣሪያ አትጀምሩ።

ዳቦና ሻይ አይቅር፣ ሩቅ ላለ ልጅ የታክሲ ብርም እንደዚያው። ሴቶች ልጆች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ሳይመሽ ጨርሱ፣ አንዲት ሴት አስተማሪም ትኑር። ልጅ ከቀረ ደውሉ፣ ካላነሳ ቤቱ ሂዱ። የመገኘት መዝገቡን ግን ለፖሊስ እንዳትሰጡ፤ ልጆቹ ይህን የሰሙ ቀን ክፍሉ ባዶ ይሆናል።

መድረክ ላይ በባንድ ስማቸው ጥሯቸው። «የቀድሞ እስረኞች» ብሎ ማስተዋወቅ፣ ፊታቸውን ቲክቶክ ላይ መለጠፍ፣ ልጁን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ለቀረጻ የራሱም የአሳዳጊውም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰው በመከራው ሳይሆን በሙዚቃው ሊታወቅ እንደሚችል አርባ ልጆችን አስቡ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከእልቂት የተረፉ ነበሩ። አርመናዊው ሙዚቀኛ ኬቮርክ ናልባንድያን አስተምሯቸው የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። ዛሬ «አርባ ልጆች» ሲባል የሚነሳው ሙዚቃቸው ነው።

ሠርግ ወይም በዓል ላይ ተጫውተው ብር ከተገኘ ያኔውኑ፣ ሁሉም እያየ ይከፋፈል። ለመሣሪያ ጥገና የሚቀር ካለም ቀድሞ ይነገራቸው።

መታወቂያ የሌለው ልጅ ሥራ ማግኘት ይቸገራል፣ ማደሪያ የሌለው ልምምድ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ወረዳ አብሮ የሚመላለስ ይሁን። ቀደም ብሎ የገባው ልጅ ደግሞ ክራር መቃኘት እንደቻለ አዲስ ለመጣው ያስተምር፣ ሲያስተምርም ይከፈለው።