በተሽከርካሪ ወንበር የምገባበት ርካሽ የመኝታ መኪና እንዴት አገኘሁ

ያስቸገረኝ አልጋው ወይም ምድጃው ሳይሆን መግቢያው ነበር። የዕቃ መጫኛ ቫን ወለል ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) ሲሰላ 6 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል፤ መኪናውን ሊያህል ምን ቀረው! ሊፍት ላስገጥም ብል ዋጋው አይቀመስም።

ስለዚህ ነገሩን ገለበጥኩት። የመኝታ መኪና ገዝቼ ለወንበሬ ከማስተካከል፣ ለወንበር ተጠቃሚ የተሠራ ያገለገለ መኪና ገዝቼ አልጋ አስገባሁበት። ወለሉ ዝቅ ተደርጓል፣ መወጣጫውም የወንበር ማሰሪያውም አብረው መጡ። አልጋውን ከወንበሬ መቀመጫ እኩል አሠራሁት፤ የመቀመጫው ከፍታ የተለካው ግን የወንበሩ ትራስ ላይ ተቀምጬበት ነው፣ ባዶውን ሲለካ ያታልላል። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ ለማልቆመው ለእኔ ምን ይጎዳኛል? የምትገዙ ካላችሁ፣ ዝቅ የተደረገውን ወለል ከሥር ዝገት እንዳለው አስፈትሹ።